አቶ ነገና የእህቱ በር

ሥራው ቁልፍ ነው። የተቆለፈ ይከፍታል፣ ለጠፋ መክፈቻ ሌላ ይቀርጻል፣ የተሰበረውን ያድናል። ሱቁ በሁለት ሕንፃዎች መሀል የተሰነቀረች ጠባብ ነገር ናት፤ እሱና የመቅረጫ ማሽኑ ከገቡ በኋላ ደንበኛ ሆዱን ወደ ውስጥ ስቦ ነው የሚቆመው። እጁ ግን ወርቅ ነው። ሌላው በመዶሻ የሚያስፈራራውን ቁልፍ እሱ በቀጭን ሽቦ አባብሎ ይከፍተዋል። ሥራውን ያስተማሩት ሰውዬ "የነካኸውን ሳትቀባ ጥለኸው እንዳትሄድ" ይሉት ስለነበር፣ የነካውን ሁሉ ዘይት ጠብ ሳያደርግበት፣ የሻከረውን በሞረድ ሳያለሳልስለት አይለቅም። ባይከፈለውም ያደርገዋል። ለእሱ ይህ እንደ ፊት መታጠብ ነው።

መቼም ሰው ያለ ጉድፍ አይፈጠርም፤ የእሱ ጉድፍ "ነገ" የምትል ቃል ናት። "መቼ ትመጣለህ?" "ነገ።" "ደረሰልኝ?" "ነገ።" ታላቅ እህቱ በዚህ የተነሣ "አቶ ነገ" የሚል ስም አወጣችለት፤ ስሙም ከቤት ወጥቶ ሠፈሩን አዳረሰ። እሱም ተቀበለው፤ ሰው "አቶ ነገ!" ብሎ ሲጠራው "አቤት!" ነው የሚለው።

ይህች እህቱ፣ እሱ እትዬ የሚላት፣ ያሳደገችው ናት። እናታቸው እሱ ገና ልጅ ሳለ ሞተችበት፤ እትዬ ትምህርቷን ጥላ ስፌት ገባችና እሱን አበላች፣ አለበሰች፣ ሥራ አስያዘች። የአንድ እናት ልጆች ናቸው፤ አባታቸው ግን ለየቅል ነው። አቶ ነገ ሚስት አላገባም። እሑድ እሑድ ምሳውን የሚበላው እትዬ ቤት፣ ከእሷና ነርስ ከሆነችው ልጇ ጋር ነው።

የእትዬ በር ደግሞ ራሱን የቻለ ጉድ ነበር። ቤቱ በአንድ ጎኑ ሰምጦ በሩ ዘምሟል፤ የቁልፉ ምላስ ከመግቢያው ብረት ጋር አይገናኝም። ለመክፈት መክፈቻውን ከትቶ፣ እጀታውን ሽቅብ ስቦ፣ በዳሌ ገጭ ማድረግ ነው። ስንት ዓመት ሙሉ "አንተ፣ ይህን በር ሥራልኝ" ስትለው ኖራለች። መልሱን ታውቁታላችሁ። "የሰው በር ሲያሽሞነሙን ይውላል፣ እኔ ቤቴ የምገባው እንደ በሬ እየተጋፋሁ ነው" ትላለች እየሳቀች። የሷ ትርፍ መክፈቻም ከራሱ መክፈቻዎች ጋር ወገቡ ላይ ተንጠልጥሎ ይኖራል።

ከዚያ አንድ ቀን ገበያው መሀል ፍንዳታ ደረሰ። ሰው ሞተ፤ ከተማው ደነገጠ፤ ቢደነግጥም አይፈረድበትም። ገና እንባው ሳይደርቅ አዲሱ የፀረ ሽብር ሕግ ወጣ። የፍርድ ቤት ትእዛዝ ሳይዙ ቤት መግባት ይቻላል፤ ስልክ መስማት ይቻላል፤ ሰውን "ለጥያቄ" ብሎ ወስዶ ማቆየት ይቻላል። ባለሙያ የሆነ ሁሉ ተባበር ሲባል መተባበር አለበት። የተባበረውን ለሌላ ሰው ካወራ ግን ራሱ የሽብር ረዳት ነው፤ ወህኒ ይወርዳል። ሕዝቡ አጨበጨበ። አቶ ነገም አጨበጨበ። "ንጹሕ ሰው ምን ይፈራል?" አለ። ይህን ሲል እኮ ለአንዱ ደንበኛ በር ሁለተኛ ቁልፍ እየገጠመ ነው! እንጀራው የሰው በር መዝጋት የሆነ ሰው! ጎርፍ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው የሚባለው ለካ እውነት ነው።

በዚያ ሰሞን ምሳ ላይ ነርሷ ጠየቀችው። "ጋሼ፣ ሽንት ቤት ስትገባ በሩን ትዘጋለህ?"

"ታዲያስ?"

"ለምን? ምን የምትደብቀው ነገር አለ?"

እትዬ በሳቅ ፈነዳች። እሱም ሳቀና "ከዚች ልጅ አፍ ያድነኝ" ብሎ ወሬውን ዘለለው።

ብዙም አልቆየ፣ ሁለት ሰዎች ሱቁ መጡ። አንደኛው ሸበቶ፣ ትሑት፣ "እርስዎ" እያለ የሚናገር፤ ሌላው ወጣት፣ ማስቲካ ከአፉ የማይለይ። ሸበቶው ሕጉን እንደ ሐኪም ማዘዣ በለሆሳስ አስረዳው። "ለአገር ነው" አለው፣ "ለእርስዎም ደኅንነት ነው።" ባለ ማስቲካው ደግሞ "ሽማግሌው፣ አፍህን ትዘጋለህ፤ ገባህ?" አለ። ገባው። እንዴት አይገባው!

ከዚያ ቀን ወዲህ እየመጡ ይወስዱት ጀመር። ሁልጊዜ ጠዋት፣ ሰው ሥራ በሚውልበት ሰዓት። እሱ ይከፍታል፣ እነሱ ይገባሉ፣ እሱ ደጃፉ ላይ ይጠብቃል። መጀመሪያ የጠበቀው ቦምብ፣ ጠመንጃ፣ ምን የመሰለ የአሸባሪ ጎሬ ነበር። ያየው ግን የልጆች ካልሲ የተሰጣበት ሳሎን፣ ያልታጠበ ሰሃን፣ ያልተነጠፈ አልጋ ነው። እነዚያ ሁለቱ የሰው አልጋ ላይ በጫማቸው ይቆማሉ። ድስት ከፍተው በጣታቸው ይቀምሳሉ። አንድ ቤት ውስጥ ባለ ማስቲካው የአንዲት ሴት የውስጥ ልብስ ከመሳቢያ አውጥቶ በእስክሪብቶ ጫፍ አንጠልጥሎ ለሸበቶው አሳየው። ሸበቶው፣ ያ ትሑቱ፣ ፈገግ ብሎ "መልሰው፣ እንደነበረ አድርገህ እጠፈው" አለው። እፍ! እንደነበረ አድርገህ እጠፈው! ነገሩ እንደነበረ መታጠፉ ነው እኮ የሚያቅለሸልሸው። ሴትየዋ ማታ ገብታ ትለብሰዋለች።

አቶ ነገ በእንዲህ ያለ ቀን ሱቁ ተመልሶ እጁን በሳሙና ደጋግሞ ይታጠባል። የነካው ግን ብረት ብቻ ነበር። "እኔ በር ነው የከፈትኩት፣ ሌላውን እነሱ ይጠየቁበት" ይላል ለራሱ። ዝም አይነቅዝም ይላል። ለሰው ብለው ሲያሙ ለእኔ ብለህ ስማ የሚለውን ግን ረሳው።

አንድ ጠዋት መኪናዋ ከአውራው መንገድ ታጥፋ እሱ እያንዳንዱን ጉድጓድ ወደሚያውቀው ቅያስ ገባች። "ሌላ ቤት ይሆናል" አለ በሆዱ። መኪናዋ እትዬ በር ላይ ቆመች።

እነዚህ ሁሉን እናውቃለን ባዮች የአባት ስማቸው ስለተለያየ እህቱ መሆኗን አላወቁም! የሰውን ሳል ሳይቀር የሚቀዱ፣ እሑድ እሑድ እዚያ ቤት ማን ማዕድ እንደሚቀርብ አልጠየቁም። አሁን "የእህቴ ቤት ነው" ቢል ምን ይመጣል? እሱን ትተው ሌላ ቁልፍ ሠሪ ያመጣሉ። እሱንም ካወቀ አይቀር ብለው ያስሩታል። "ከባዕድ እጅ የእኔ እጅ ይሻላል" አለ። ሰው ፍርሃቱን ልብስ ሲያለብስ አያድርስ ነው፤ እንዲህ ያለ ጨዋ ልብስ ያለብሰዋል።

የእትዬ መክፈቻ ወገቡ ላይ እየተቅጨለጨለ፣ እሱ ሽቦውን አውጥቶ እንደማያውቅ ሰው ይጎረጉር ጀመር። እጀታውን ሽቅብ ስቦ በዳሌው ገጭ ቢያደርገው ወዲያው ይከፈታል፤ ግን እንዴት ያንን ያውቃል ሊባል ነው? ላብ አጠመቀው። "ምን ያንቀረፍፍሃል?" አለ ባለ ማስቲካው። በመጨረሻ ከፈተው።

ገቡ። እሱ ደፉ ላይ ቀረ። ከዚያ ሆኖ ሳሎኑ ሁሉ ይታየዋል፤ ምሳ የሚበላበት ጠረጴዛ፣ የእትዬ የስፌት መኪና፣ ግድግዳው ላይ የእናቱ ፎቶ። ባለ ማስቲካው የብስኩቱን ቆርቆሮ ከፍቶ እያንኮሻኮሸ ዞረ። ከዚያ ሽንት ቤት ገባ፤ ሲወጣ ውሃ የተለቀቀ ድምፅ አልተሰማም። ሸበቶው የነርሷን ክፍል አይቶ ሲመለስ የአቶ ነገን እናት ፎቶ ከግድግዳው አወረደ። ከኪሱ አንዲት ጥቁር የድምፅ ማዳመጫ አወጣ፤ ፎቶው ጀርባ ላይ ሊለጥፋት ነው። ማጣበቂያው አልይዝ አለ። ባለ ማስቲካው "ቆይ" አለና ማስቲካውን ከአፉ አውጥቶ፣ በአውራ ጣቱ አድቦልቡሎ፣ የሞተች ሴት ፎቶ ጀርባ ላይ ደፈደፈው። ማዳመጫውን እዚያ ላይ ተጫነና ሳቀ። ሸበቶውም ፎቶውን መልሶ ሰቀለ፤ እንዳይዘምም ብሎም በጣቱ አስተካከለ።

አቶ ነገ ይህን እያየ ምን አደረገ መሰላችሁ? ምንም! እጁ ግን ሥራ መፍታት አያውቅም። ዓይኑ እናቱ ፎቶ ላይ ተተክሎ፣ እጁ ሞረዱን አንሥቶ የመግቢያውን ብረት ሞረደ፣ ካቻቢቴውን አንሥቶ ማጠፊያውን አጠበቀ፣ ዘይቱን ጠብ አደረገ። ያ ሲለመን የኖረበት በር፣ እነዚያ ሌቦች እስኪወጡ ድረስ እንደ ቅቤ ለሰለሰ። ሲዘጉት ጠቅ ብሎ ተዘጋ። አቶ ነገ ምን እንደሠራ ራሱ አላስተዋለም።

መኪና ውስጥ ሸበቶው ነገሩን እንደ ወዳጅ አጫወተው። ነርሷ ናት የተፈለገችው። ከፖሊስ ጣቢያ "ደረጃ ላይ ወድቆ ሞተ" ተብሎ ሆስፒታል የመጣ አንድ ወጣት ነበር፤ እሷ ገላውን አይታ፣ ያየችውን ለሟቹ እናት ነግራለች። አሁን ደግሞ አስከሬኑን ያመጡትን በዓይኑ ያየ ምስክር አግኝታለች። "የምንፈልገው አንድ ስም ነው" አለ ሸበቶው። "በስልክ አታወራም፣ ብልጥ ናት። ሳምንቱን ሆስፒታል ታድራለች። እሑድ ግን ምሳ ላይ አንድ ዘመድ ይመጣል አሉ፤ ለዘመድ ማንም አፉን ይከፍታል።" ዘመድየው የመሣሪያ ሳጥኑን ታቅፎ ከኋላው ተቀምጦ ነበር።

እስከ እሑድ ያለውን ቀን እንዴት እንደገፋው እሱ ይወቀው። እትዬን ሊጠራት ስፌት ቤቷ ደጃፍ ድረስ ሄዷል፤ ተመልሷል። የሆስፒታሉ በር ላይ ቆሟል፤ የዘበኛውን ዩኒፎርም አይቶ ተመልሷል። የምስክሩ ስም ከነርሷ አፍ ከወጣ ሰውዬው አለቀለት፤ ልጅቷም አለቀላት። ይህንን ያውቃል። ከተናገረ ደግሞ ራሱ አለቀለት። ያንንም ያውቃል። "ነገ እነግራታለሁ" አለ። በማግሥቱም "ነገ" አለ። እሑድ ደረሰ።

ሲሄድ ዝናብ ነው። እትዬ በሩን ወለል አድርጋ ከፈተችና አንገቱ ላይ ተጠመጠመች። "ኧረ አቶ ነገ! ኧረ የኔ ጌታ! እጅህ ይባረክ!"

"ምን ሆንሽ?"

"ደግሞ ምን ሆንሽ ይለኛል! ተደብቀህ መጥተህ በሬን ሠርተህልኝ! እኔኮ እንደ ልማዴ በዳሌዬ ስገጨው ዘው ብዬ ወለሉ ላይ!" ሳቋ እንባ በእንባ አደረጋት። "ደግሞ ብስኩቴን ጠራርገህ! ሽንት ቤቱንስ? አንተ ባለጌ፣ ውሃ መልቀቅ ማን ያስተምርህ? አስተምሬህ ነበር እኮ!"

ነርሷም ሳቀች። አቶ ነገ የሳቀ ሊመስል ጥርሱን አሳየ። "እባካችሁ ውጭ እንቀመጥ" አለ።

"በዝናብ? አብደሃል?"

ሬዲዮኑን ከፈተና ድምፁን ጨመረው። እትዬ "ምግብ ላይ ጫጫታ አልወድም፣ ታውቃለህ" ብላ ዘጋችው። ቁጭ አሉ። የእናቱ ፎቶ ፊት ለፊቱ ነው። ምግቡ አልጎረስ አለው።

ነርሷ ወንበሯን ወደሱ ሳበች። "ጋሼ፣ ስለዚያ ልጅ ነግሬህ የለ? ምስክሩ እሺ አለ። ጠበቃው ዘንድ ልንሄድ ነው። ማን መሰለህ፣ አንተም ታውቀዋለህ፣ ደንበኛህ ነው፣ ያ..."

ዘሎ አፏን በእጁ ዘጋው። ወንበሩ ወደቀ፤ ውሃው ተደፋ። ዘይት ዘይት የሚለው መዳፉ የልጅቷን ግማሽ ፊት ሸፍኖታል። ልጅቷ ዓይኗ ፈጠጠ። እትዬ "ኧረ በሕግ አምላክ! ምን ነካህ?" ብላ ተነሣች። እሱ በሌላው እጁ ወደ ፎቶው አመለከተ።

"እማማ ምን ሆነች?"

ፎቶውን አውርዶ ገለበጠው። ማስቲካው ደርቆ የጥርስ ምልክት ይታይበታል፤ መሀሉ ላይ ያቺ ጥቁር ነገር ተቀምጣለች። እትዬ በጣቷ ነካችው። ከሰው አፍ የወጣ መሆኑ ሲገባት እጇን እንደተቃጠለ ሰው ሳበች። ነርሷ ነገሩን ወዲያው አወቀችው፤ አፏን የዘጋውን እጅ ራሷ በሁለት እጇ አጥብቃ ያዘችው።

እዚህ ላይ ዝም ቢል ይበቃው ነበር። የምስክሩ ስም አልወጣም፤ ልጅቷ ተርፋለች። ራሱን ነቅንቆ "እኔ ምን አውቃለሁ" ቢል ማን ያውቅበታል? ግን እትዬ ፎቶውን እንደታቀፈች በሩን አየችው፣ ከዚያ እሱን አየችው። "አልተሰበረም" አለች ቀስ ብላ። "ምንም አልተሰበረም። ማን ከፈተላቸው?"

ግድግዳም ጆሮ አለው ይባላል፤ የዚህ ቤት ጆሮ እትዬ ደረት ላይ ነበር። አቶ ነገ ይህን እያወቀ፣ በዕድሜው ለመጀመሪያ ጊዜ ለነገ ሳያሳድር ተናገረ።

"እኔ ነኝ፣ እትዬ። እኔ ነኝ የከፈትኩላቸው። ቆሜ አይቻቸዋለሁ።"

አልጮኸችም። አልተሳደበችም። ብትሰድበው ደስ ይለው ነበር። "ብስኩቱስ?" አለች።

"እነሱ ናቸው።"

"ሽንት ቤቱስ?"

ራሱን አቀረቀረ።

"አንተ መስለኸኝ እኮ" አለች፣ "እየሳቅኩ ነው ያጠብኩት።"

ከዚያ ማዳመጫውን ከነማስቲካው ከእናቷ ጀርባ ላይ ልጣ አነሣች። ሽንት ቤት ገባች፤ በሩን አልዘጋችም። ውሃው ሲለቀቅ ሁሉም ሰሙት። ተመልሳ የፎቶውን ጀርባ በእርጥብ ጨርቅ ትፈትገው ጀመር፤ ወንድሟን ቀና ብላ አላየችውም። ነርሷ በዝናቡ ወጥታ ሄደች፤ ወደ ምስክሩ መሆኑን ማንም አልጠየቃትም።

እሱን በማግሥቱ ሱቁ ውስጥ ያዙት። ችሎቱ ዝግ ነበር፤ ሕጉ እንዲህ ነው የሚለው። እትዬን ከበር መለሷት። ማዳመጫ ብሎ ነገር የለም፣ የሰው ቤት አልገባንም ሲሉ የኖሩ ሰዎች፣ ማስረጃ ብለው ያቀረቡት ያንኑ የምሳውን ድምፅ ነው! ቱ! ዓይናቸውን በጨው አጥበው! አቶ ነገ የእህቱን "እጅህ ይባረክ" ሰማ፣ ሳቋን ሰማ፣ የራሱን "እኔ ነኝ" ሰማ። "እየሳቅኩ ነው ያጠብኩት" ስትል ባለ ማስቲካው ከኋላ ወንበር ሆኖ በእጁ አፉን ሸፍኖ ሳቀ። መጨረሻ ላይ የውሃው ድምፅ መጣ። ዳኛው መነጽራቸውን አወለቁና "ይህ ምንድን ነው?" አሉ። ሸበቶው በትሕትና "ማስረጃው እዚህ ላይ ያበቃል፣ ክቡር ዳኛ" አላቸው።

ተፈረደበት፤ ብዙ ዓመት ነው። ምስክሩ ግን አልተገኘም፤ ከነቤተሰቡ ከከተማው ወጥቷል። ነርሷን ከሥራ አሰናበቷት እንጂ የሚከሷት ነገር አጡ።

እትዬ ለመጠየቅ የመጣችው ዘግይታ ነው። በሽቦው ማዶ ቆመች። ያመጣችውን ብስኩት ዘበኛው አንድ በአንድ እየሰባበረ ፈትሾት ነበር፤ ፍርፋሪውን በፌስታል ሰጠችው።

"በሩስ?" አላት የሚለው ቢያጣ።

"ይከፈታል። ምን ይሆናል ብለህ ነው። መክፈቻውን ስነካው ብቻ ወለል ይላል።" ፊቷን አኮሳተረች። "ይቀፈኛል። ሌሊት ተነሥቼ ወንበር አስደግፍበታለሁ። ቁልፍ ሠሪ ላስጠራ ብዬ ደግሞ፣ ማንን አምኜ?"

ሰዓት አልቋል ብለው ጮኹ። ልትሄድ ዞር ብላ ነበር፤ ተመለሰችና ፊቷን ወደ ሽቦው አስጠጋች።

"ስትወጣ መጀመሪያ የምትሠራው እሱን ነው። እንደ ድሮው አድርገህ መልስልኝ። እየተጋፋሁ ልግባ።"

"እሺ እትዬ።"

"መቼ?"

አፉን ከፍቶ ሊመልስላት ነበር። የለመዳት ቃል ምላሱ ላይ መጣች፤ ዋጣት። እትዬ መልሱን ትንሽ ጠበቀችና ነጠላዋን አጣፍታ ወጣች።